ዐመድ የሚዝቀው ካህን
(በራዲዮ የተነገረ)



የአንድ ታላቅ ቤት የዕለት ሥራ የሚጀመረው ከየት ነው ቢባል ብዙ ሰው ከላይ ነው ብሎ ይመልሳል፤ ከአለቃው ወንበር፥ ከፊርማውና ከማኅተሙ። የጥንት አይሁድ ስለ ራሳቸው ታላቅ ቤት፥ በኢየሩሳሌም ስለ ነበረው ቤተ መቅደስ፥ የተዉልን መልስ ግን ከዚህ የተለየ ነው። በዚያ ቤት የቀኑ ሥራ የሚጀመረው ከዐመድ ነበር። መዝሙር ሳይሰማ፥ ዕጣን ሳይጤስ፥ የጧቱ በግ ሳይሠዋ፥ አንድ ካህን ገና በጨለማ ተነሥቶ ሌሊቱን ሲነድ ያደረውን የመሠዊያ ዐመድ ይዝቅ ነበር። ዛሬ ስለዚህ ካህንና እርሱን ስለሚመስሉ ሌሎች ሰዎች ጥቂት ልነግራችሁ አስቤአለሁ። የነርሱን ነገር ማወቅ የአይሁድን ሃይማኖት ለሚያጠና ብቻ ሳይሆን፥ በየጧቱ ወደ መሥሪያ ቤት ለሚገባ ሰውም የሚጠቅም ይመስለኛል።

ትእዛዙ የሚገኘው በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 6 ነው። ካህኑ የበፍታ ልብሱን ለብሶ እሳት ከበላው መሥዋዕት ዐመድ አንሥቶ በመሠዊያው አጠገብ ያኖራል፤ ከዚያም ልብሱን ለውጦ ዐመዱን ከሰፈር ውጭ ወደ ንጹሕ ስፍራ ያወጣል። ነገሩ ሁሉ በሁለት ቍጥር ያልቃል። ልብስ የመለወጡን ምክንያት የታልሙድ ሊቃውንት ሲያስረዱ፥ ለጌታው ወጥ ሲሠራ በቈየበት ልብስ ጽዋ ሊቀዳለት የሚቀርብ አገልጋይ የለም ብለዋል። እኔ እንደሚገባኝ የዚህ ምሳሌ ቁም ነገሩ ወጥ የሚሠራውና ጽዋ የሚቀዳው አንድ ሰው መሆኑ ነው፤ የሚለወጠው ልብሱ ብቻ ነው።

ይህ ሥራ እንዴት ይፈጸም እንደ ነበረ በዝርዝር የሚነግረን ሚሽና የሚባለው የአይሁድ የሕግ መጽሐፍ ነው። ሚሽና የተሰበሰበው ሮማውያን ቤተ መቅደሱን ካቃጠሉ ከመቶ ዓመት በላይ ቈይቶ፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ200 ዓ.ም. ገደማ ነው። እንግዲህ ጸሓፊዎቹ የሚተርኩት በዓይናቸው ስላላዩት፥ ከአባቶቻቸው ስለ ሰሙት ነገር መሆኑን አትርሱ። ይሁን እንጂ አተራረካቸው በር ላይ ቆሞ የተመለከተ ሰው አተራረክ ነው። «ታሚድ» በተባለው ክፍል እንደ ተጻፈው፥ ዐመዱን ሊዝቅ የሚፈልግ ካህን አለቃው ከመምጣቱ በፊት ማልዶ ተነሥቶ ገላውን በውሃ ያጠልቃል። አለቃው የሚመጣው በዶሮ ጩኸት ሰዓት፥ አንዳንዴም ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ ወይም ዘግይቶ ነው። ዕጣ የደረሰው ካህን ብቻውን ይገባል። ከእርሱ ጋር የሚገባ ማንም የለም፤ በእጁም መብራት አይዝም፤ የሚሄደው ከመሠዊያው በሚወጣው የእሳት ብርሃን ነው። በውጭ የቀሩት ወንድሞቹ አያዩትም፥ ድምፁንም አይሰሙም። የሚሰሙት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቤን ቃጢን የሚባል ሰው ለመታጠቢያው ሰን የሠራው የእንጨት መዘውር ሲንቀጫቀጭ ይሰማሉ። ያን ጊዜ ሰዓቱ መድረሱን ያውቃሉ። ካህኑ እጁንና እግሩን ታጥቦ፥ ከብር የተሠራውን መጫሪያ አንሥቶ ወደ መሠዊያው ራስ ይወጣል፤ ፍሙን ወዲህና ወዲያ ገለል አድርጎ ከውስጥ ፈጽሞ የነደደውን ይዝቅና ይወርዳል።

ይህን የመሰለ ሥራ፥ በሌሊት፥ ሰው በማያይበት፥ በዐመድ መካከል የሚሠራ ሥራ፥ ማን ይሻማበታል ትሉ ይሆናል። የቤተ መቅደሱ አስተዳዳሪዎችም መጀመሪያ እንዲሁ አስበው ነበር። ታልሙድ እንደሚለው፥ የሌሊት ሥራ ስለ ሆነ ብዙ ሰው አይመጣም ብለው ለዚህ አገልግሎት ዕጣ አላወጡም ነበር፤ የፈቀደ ይሥራ ተባለ። የመጡት ግን ብዙ ሆኑ። ብዙ ሲሆኑም ወደ መሠዊያው በሚያስወጣው አቀበት ላይ ይሽቀዳደሙ ጀመር፤ ወደ መሠዊያው አራት ክንድ ያህል ቀድሞ የደረሰ ሥራው የእርሱ ሆነ። ከዕለታት አንድ ቀን ሁለት ካህናት እኩል ሲሮጡ አንዱ ሌላውን ገፋውና የተገፋው ወድቆ እግሩ ተሰበረ። የሸንጎው ዳኞች ነገሩ ወደ አደጋ መድረሱን ባዩ ጊዜ ከዚያ ወዲያ ያለ ዕጣ ማንም ዐመድ እንዳይዝቅ ደነገጉ።

ታልሙድ በዚህ ላይ ከዚህ የከፋ ታሪክ ይጨምራል፤ ስለ አይሁድ ሊቃውንት ብዙ ከሚያስደንቁኝ ነገሮች አንዱ ይህን የመሰለ የገዛ ቤታቸውን ጕድ ሳይሸሽጉ መጻፋቸው ነው። እንደዚሁ ሁለት ካህናት ሲሽቀዳደሙ አንዱ ሊቀድም ወደ አራቱ ክንድ በገባ ጊዜ ሁለተኛው ቢላዋ መዝዞ ልቡን ወጋው። ረቢ ጻዶቅ በመቅደሱ ደረጃ ላይ ቆሞ፥ በኦሪት ገዳዩ ያልታወቀ ሬሳ ሲገኝ ስለሚቀርበው ጊደር አንሥቶ፥ ይህ ደም የማን ዕዳ ነው፥ የከተማይቱ ወይስ የአደባባዩ እያለ ጠየቀ፤ ሕዝቡም ሁሉ አለቀሰ። የሟቹም አባት መጣ። ልጁ ገና ሲንፈራገጥ አገኘው። የተናገረውም ቃል፥ ልጄ ገና አልሞተምና ቢላዋው በሬሳ አልረከሰም የሚል ነበረ። ሊቃውንቱ ይህን ሲፈቱ፥ ያን ጊዜ ለነዚያ ሰዎች የዕቃ ንጽሕና ከሰው ደም በልጦ እንደ ነበር ይናገራሉ፤ ይህም የሆነው የንጽሕናው ነገር ስለ ከበረ ሳይሆን የሰው ደም ስለ ረከሰ ነው ይላሉ።

የዕጣውም ነገር ብቻውን አልበቃም። ሥራው በዕጣ ሲሆን ካህናቱ መምጣት ተዉ፤ ለእኔ ለመድረሱ ምን ማረጋገጫ አለኝና ከእንቅልፌ እነሣለሁ አሉ። ስለዚህ አስተዳዳሪዎቹ ሌላ ዘዴ ፈለጉ፤ ዐመድ መዛቅ የደረሰው ካህን እንጨቱን በመሠዊያው ላይ የመደርደሩንና ሁለቱን ፍልጥ የመጨመሩን ክብር ደርቦ እንዲያገኝ አደረጉ። በዚያን ጊዜ መጡ። አንባቢ ሆይ፥ በሰዎች ላይ ኀላፊ ሆነህ የምትሠራ እንደ ሆነ ይህን ታሪክ ያለ ፈገግታ የምታነብበው አይመስለኝም። እሽቅድምድም ሲኖር ደም እስኪፈስ ይሮጡ የነበሩ ሰዎች፥ እሽቅድምድሙ ሲቀር ከአልጋቸው አልተነሡም። ከዚህም የምንረዳው፥ ሲሮጡ ይፈልጉት የነበረው ዐመዱን ሳይሆን መቅደሙን እንደ ነበር ነው።

በ11ኛው ምዕት ዓመት በእስፓኝ አገር በሳራጎሳ ይኖር የነበረው ባሕያ ኢብን ፓቁዳ፥ «የልብ ግዴታዎች» የሚል ትርጉም ባለው መጽሐፉ ስለ ትሕትና ሲጽፍ ይህንኑ ዐመድ ያነሣል። እግዚአብሔር ካህኑን በየቀኑ ዐመድ እንዲያወጣ ያዘዘው ትዕቢትን ከልቡ እንዲያወጣ ነው ይላል። ባሕያ የእግር መሰበሩንና የቢላዋውን ታሪክ ያውቅ እንደ ነበር አያጠራጥርም፤ ታልሙድ የሚያውቅ ሰው ነበርና። እንዲህ ከሆነ መድኀኒቱ ራሱ በሽታ ሊሆን እንደሚችል ሳያይ አልቀረም። ትሑት ሥራን መናቅ አንድ ክፉ ነገር ነው፤ ትሑት ሥራን የትሕትና ዝና ማግኛ ማድረግ ግን ከዚያ የረቀቀ ክፋት ነው፤ በአይሁድ መጻሕፍት ውስጥ ይህ ሁለተኛው ከፊተኛው ባልተናነሰ ተነቅፏል።

እንግዲህ ከዐመዱ ወደ ሌሎቹ አገልጋዮች ልሻገር። «ሸቃሊም» በተባለው የሚሽና ክፍል፥ በምዕራፍ 5፥ በቤተ መቅደሱ የነበሩ ሹማምንት በየስማቸው ተዘርዝረዋል። በዝርዝሩ ሊቀ ካህናቱ የለበትም። ያሉት የዕጣው ሹም፥ በር የሚያዘጋው፥ አዋጅ ነጋሪው፥ የመጋረጃው ሹም፥ የካህናት ልብስ ኀላፊ፥ እነዚህንም የመሳሰሉ ናቸው። ሆዳቸውን የሚታመሙትን ካህናት የሚያክም ሰው እንኳ በስሙ ተጽፏል፤ ካህናቱ በባዶ እግራቸው በድንጋይ ወለል ላይ እየዋሉ፥ ሥጋ እየበሉ ውሃ ስለሚጠጡ ሆድ ቍርጠት አይለቃቸውም ነበርና።

ከነዚህም ውስጥ ለእኔ በጣም ደስ የሚሉኝ ሁለት የሒሳብ ሰዎች ናቸው፤ አንዱ ዮሐናን የፊንሐስ ልጅ፥ ሁለተኛው አሒያ ይባላሉ። ለመሥዋዕቱ የመጠጥ ቍርባን የሚያስፈልገው ሰው በመጀመሪያ ወደ ዮሐናን ሄዶ ገንዘቡን ይከፍልና ማኅተም ያለበት ምልክት ይቀበላል፤ ምልክቱን ይዞ ወደ አሒያ ሲሄድ ቍርባኑን ይሰጠዋል። እኛ ደረሰኝ የምንለው ነገር ነው። ማታ ሁለቱ ይገናኛሉ፤ አሒያ የተቀበላቸውን ምልክቶች አውጥቶ በቍጥራቸው ልክ ከዮሐናን ገንዘብ ይረከባል። ገንዘቡ ተርፎ ቢገኝ ትርፉ ለቤተ መቅደሱ ይሆናል፤ ቢጐድል ግን ዮሐናን ከቤቱ አምጥቶ ይከፍላል። ምልክቱ የጠፋበት ሰው እስከ ማታ ይቈያል፤ ሒሳቡ ሲታይ የእርሱን ያህል ትርፍ ከተገኘ ይሰጠዋል፥ ካልተገኘ አይሰጠውም። አታላዮች የትናንቱን ለዛሬ እንዳያቀርቡትም በየምልክቱ ላይ የቀኑ ስም ይጻፍበት ነበር። ይህ ሁሉ የሒሳብ ደንብ ከመሥዋዕቱ ሥርዐት ጋር በአንድ መጽሐፍ፥ በአንድ ዐይነት ጥንቃቄ ተጽፎ ይገኛል። የማታውን ሒሳብ ማመሳከር ከአምልኮው ውጭ የሆነ ዓለማዊ ሥራ ነው የሚል ሐሳብ በጸሓፊዎቹ አልነበረም።

በዚሁ ዝርዝር ቤን ቤባይ የሚባል ሰው ይገኛል። የሹመቱ ስም በሊቃውንት ዘንድ አከራክሯል፤ የኢየሩሳሌም ታልሙድ እንደሚለው ግን ሥራው የመብራት ክር መግመድ ነበር። ይህ ታልሙድ ስለ እርሱ አንድ ነገር ያወሳል። ረቢ ዮሴ ኩፍራ ወደምትባል መንደር ሄዶ የድኾችን ምጽዋት የሚያስተዳድሩ ሰዎች ሊሾም ቢፈልግ፥ የመንደሩ ሰዎች ሹመቱን አንቀበልም አሉ። አድካሚና ምስጋና የሌለው ሥራ መሆኑን ያውቁ ነበር። ረቢ ዮሴም ቤን ቤባይን አነሣባቸው፤ በመብራት ክር ላይ የተሾመው ሰው ከዘመኑ ታላላቆች ጋር ለመቈጠር ከበቃ፥ በሰው ሕይወት ላይ የምትሾሙት እናንተማ እንዴት አብልጣችሁ አትከብሩም ብሎ ወቀሳቸው።

ጕድጓድ ቈፋሪው ነሑንያም ከተዘረዘሩት አንዱ ነው። ለበዓል ወደ ኢየሩሳሌም የሚወጣው መንገደኛ በየመንገዱ ውሃ እንዲያገኝ ጕድጓድ ያስቈፍር ነበር። አንድ ቀን የዚህ ሰው ልጅ ከትልቅ የውሃ ጕድጓድ ውስጥ ወደቀች። ሰዎች ሮጠው ለረቢ ሐኒና ቤን ዶሳ ነገሩት፤ እርሱም በመጀመሪያው ሰዓት ደኅና ናት አለ፥ በሁለተኛውም ደኅና ናት አለ፥ በሦስተኛው አሁን ወጣች አለ፤ እንዳለውም ሆነ። ነቢይ ነህን ቢሉት፥ አይደለሁም፤ ነገር ግን ያ ጻድቅ በደከመበት ነገር ዘሩ እንዴት ይጠፋል ብዬ ነው አላቸው። ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ለልጆች የሚነገር ጥሩ ተረት ይሆን ነበር። ታልሙድ ግን አያቆምም። ረቢ አሓ የተባለው ሊቅ፥ እንዲህም ሆኖ የነሑንያ ወንድ ልጅ በውሃ ጥም ሞተ ሲል ይጨምራል። ለሌላው ሁሉ ውሃ ያወጣው ሰው የገዛ ልጁን ከጥም አላዳነም። ሊቃውንቱ ይህን ሲጽፉ የነሑንያን ስም ከዝርዝሩ አልፋቁም፥ ሥራውም ከንቱ ነበር አላሉም። አገልግሎት እንደ ዕቁብ ገንዘብ ተራው ሲደርስ ተመልሶ የሚመጣ ነገር ነው ብለው እንዳላስተማሩ ከዚህ በላይ ማስረጃ አላውቅም።

ስለ ሙያ መደበቅም አንድ ቃል ልበል። በመታጠቢያው ሰን ላይ መዘውር የሠራው ቤን ቃጢን፥ ቀድሞ ሁለት ብቻ የነበረውን የሰኑን ቧንቧ ዐሥራ ሁለት አደረገው፤ ስሙም በምስጋና ተጽፎ ቀረ። በአንጻሩ የጋርሙ ቤተ ሰቦች የገጹን ኅብስት የመጋገር ሙያ ነበራቸው፥ ለሌላ ግን ማስተማር አልፈቀዱም። ከእስክንድርያ ሌሎች ጋጋሪዎች ተጠርተው መጡ፤ ኅብስታቸው ሻገተ። የጋርሙ ቤት ሰዎች ተመልሰው እንዲሠሩ ቢለመኑም ደመወዛቸው በእጥፍ እስኪጨመር ድረስ እንቢ አሉ። ሚሽናም ስማቸውን በነቀፋ ጻፈው። በእውነት ለመናገር ታልሙድ የእነርሱንም መልስ መዝግቧል፤ ሙያው ከማይገባው ሰው እጅ እንዳይገባ ፈርተን ነው ብለዋል፤ ከቤተ መቅደሱ ወስደው በሉ ተብለው እንዳይታሙም ልጆቻቸው ነጭ ዳቦ አይበሉም ነበር ተብሎ ተመስግኖላቸዋል። እንግዲህ ፍርዱን ለናንተ እተወዋለሁ። እኔ ግን የአንድን መዝገብ ቤት ሥራ በአንድ ሰው ራስ ውስጥ ብቻ ቈልፎ የሚያኖር ሰው ባየሁ ቍጥር የጋርሙ ቤት ትዝ ይለኛል።

እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ70 ዓ.ም. ቤተ መቅደሱ ተቃጠለ። መሠዊያው ሲጠፋ ዐመዱም ጠፋ፤ ሐሳቡ ግን አልጠፋም። ያዕቆብ ኢብን ሐቢብ «ዓይን ያዕቆብ» በተባለው መጽሐፍ መግቢያ ላይ፥ ከኦሪት ቃል ሁሉ ሌላውን የሚያጠቃልለው የትኛው ነው ተብሎ ሊቃውንት ስለ ተከራከሩበት አንድ ትረካ ይጠቅሳል። አንዱ የእግዚአብሔርን አንድነት የሚናገረውን አለ፤ ሁለተኛው ባልንጀራን እንደ ራስ ስለ መውደድ የተጻፈውን አለ፤ ቤን ፓዚ ግን በየቀኑ አንድ በግ ጧት አንድ በግ ማታ እንዲቀርብ የሚያዘውን ቃል አለ። ሰሚው ሁሉ የሚጠብቀው ከሁለቱ አንዱ ይረታል ብሎ ነው። ፍርዱ ለቤን ፓዚ ሆነ። ዝናብ ቢዘንብ፥ ሐዘን ቢሆን፥ ልብ ቢቀዘቅዝ ያችን በግ ጧትና ማታ ማቅረብ ከታላላቆቹ ቃሎች አይተናነስም ማለት ነው። እስከ ዛሬም ድረስ በብዙ የአይሁድ የጸሎት መጻሕፍት ስለ ዐመዱ የተጻፈው የኦሪት ክፍል ከጧቱ ጸሎት ጋር ይገኛል።

ከዚህ አሳብ የተወለዱ ልማዶችም አሉ። ከሁሉ የሚጠቀሰው ሬሳ አጥቦ፥ ገንዞ፥ የሚቀብረው ማኅበር ነው። አይሁድ ለሙት የሚደረገውን ቸርነት የእውነት ቸርነት ይሉታል፤ የሞተ ሰው ብድር አይመልስምና። በፕራግ ከተማ እንዲህ ያለ ማኅበር በ1564 ተመሠረተ፤ የሥራውን ሥርዐት የሚያሳዩ በ18ኛው ምዕት ዓመት የተሣሉ ሥዕሎች ዛሬ በዚያች ከተማ በአይሁድ ሙዚየም ይታያሉ። በጥንት ጊዜ የቀብር ወጪ ከሐዘኑ ይልቅ ከብዶ ዘመድ ሬሳውን ጥሎ እስከ መሸሽ ደርሶ ነበር፤ ከመሪዎቻቸው አንዱ በተራ በፍታ ቅበሩኝ ብሎ ካዘዘ በኋላ ሀብታሙም ድኻውም በአንድ ዐይነት ልብስ ይቀበር ጀመር። እኛ በየሰፈራችን ዕድር ያለን ሰዎች ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገንም።

ሊቃውንቱ ራሳቸውም በእጃቸው የሚሠሩ ነበሩ። ራብ የተባለው ሊቅ ደቀ መዝሙሩን ራብ ካሃናን፥ ከሚቸገር ይልቅ በገበያ መካከል የሞተ ከብት ገፍፎ ዋጋውን ቢቀበል እንደሚሻልና፥ ካህን ነኝ፥ ታላቅ ሰው ነኝ ከማለት እንዲጠነቀቅ መክሮታል። ስለዚህ ነገር ግን ከረቢ ኢያሱ የሐናንያ ልጅ ታሪክ የሚበልጥ አላገኘሁም።

ይህ ኢያሱ ሌዋዊ ነበር፤ በቤተ መቅደሱ ከመዘምራን ወገን ነበረ። አንድ ቀን በር የሚዘጋውን ሌዋዊ ዮሐናንን ሊያግዝ ቢሄድ፥ ልጄ ሆይ ተመለስ፤ አንተ ከመዘምራኑ ነህ እንጂ ከበረኞቹ አይደለህም ተባለ። የበረኛው ሥራ ዘማሪ ሲያሻው የሚነካው አልነበረም። ቤተ መቅደሱ ከጠፋ በኋላ ኢያሱ በያብኔ ከታላላቆቹ መምህራን አንዱ ሆነ። የጉባኤው አለቃ ረባን ገማልያል ከትልቅ ቤት የተወለደ ሰው ነበር። በአንድ የሕግ ክርክር ተቈጥቶ ረቢ ኢያሱን በጉባኤ መካከል አቁሞ፥ እርሱ ተቀምጦ ማስተማሩን ቀጠለ። ሕዝቡ አጕረመረመ፤ ገማልያልም ከአለቅነቱ ተሻረ። በኋላ ተጸጽቶ ይቅርታ ሊጠይቅ ወደ ኢያሱ ቤት ሄደ። ሲገባ የቤቱ ግድግዳ በጥላሸት ጠቍሮ አየ፤ ከግድግዳህ እንደማየው ከሰል አክሳይ ኖረሃል አለው፤ ቀጥቃጭ ብለው የሚተረጕሙትም አሉ። ኢያሱም፥ አንተ መሪው ለሆንህለት ትውልድ ወዮለት፤ የሊቃውንት መከራ በምን እንደሆነና በምን እንደሚተዳደሩ አታውቅምና ሲል መለሰለት። እነዚህ ሁለት ሰዎች ለዓመታት በአንድ ጉባኤ ተቀምጠዋል። ግድግዳው የተገናኙት ያን ቀን ነው።

ገማልያል በድዬሃለሁ፥ ይቅር በለኝ አለ፤ ኢያሱ ዝም አለ። ስለ አባቴ ቤት ክብር ብለህ ብሎ ደግሞ ቢለምነው ይቅር አለው። አሁን መታረቃቸውን በጉባኤ ለተሰበሰቡት ሊቃውንት ማን ሄዶ ይንገር የሚል ጥያቄ ተነሣ። ከዚያ የነበረ አንድ ልብስ አጣቢ እኔ እሄዳለሁ አለ። የልብስ አጣቢውን ስም ታልሙድ አልጻፈውም።